ከባድ ዕቃ ሲያነሱ የሚደርስ ጉዳትና የአሠሪ ኃላፊነት፦ በአዳማ ሠራተኞች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአዳማ የዱቄት ፋብሪካዎች፣ የሲሚንቶ መሸጫዎች፣ መጋዘኖችና የጭነት መኪና ማራገፊያዎች የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቹ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ኩንታል ሳነሳ ወገቤ ቋ ብሎ ቀረ። ይህ በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ይባላል?

አዎ። ብዙ ሰው የሥራ ላይ ጉዳት ሲባል ማሽን ጣት ሲቆርጥ ወይም ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ብቻ ይመስለዋል። ዕቃ አንስቶ ወገቡን የያዘው ሰው «ራሴው ነኝ እንጂ ማንም አልነካኝም» ብሎ ዝም ይላል። አዋጁ ግን በአንቀጽ 97 ላይ ሥራውን ሲያከናውን ወይም ከሥራው ጋር በተያያዘ፣ ከውጭ በመጣ ምክንያት ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው ራሱ ሥራውን ለመፈጸም ባደረገው ጥረት በድንገት የደረሰበትን ጉዳትም ይጨምራል። ስለዚህ የግድ የሚወድቅ ዕቃ ወይም የሚገፋ ሰው መኖር የለበትም። ሸክሙን ለማንሳት የወጣው ጉልበት ራሱ ይበቃል።

ቦታውና ሰዓቱም ቢሆን ጠባብ አይደለም። አለቃዎ «እግረ መንገድህን ይህን ካርቶን እዚያ ሱቅ አድርስ» ብለው ከግቢ ውጭ ቢልኩዎና እዚያ ቢጎዱ፣ ከሥራ ሰዓት በፊት ወይም በእረፍት ሰዓት በሥራው ምክንያት ግቢ ውስጥ ሳሉ ቢጎዱ፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባዘጋጀው ሰርቪስ ሲመጡ ወይም ሲመለሱ ቢጎዱም ያው ነው።

ጥፋቱ የኔ ቢሆንስ? ጎንበስ ብዬ ነበር ያነሳሁት።

የአሠሪው ኃላፊነት ጥፋት በመኖር አለመኖሩ ላይ የቆመ አይደለም። አንቀጽ 96 አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ጎንበስ ብሎ ማንሳት፣ መቸኮል፣ ሸክሙን በአንድ ትከሻ ብቻ መያዝ መብትዎን አያሳጣዎትም።

አሠሪው ከዚህ ኃላፊነት ነጻ የሚሆነው ሠራተኛው ጉዳቱን ሆነ ብሎ በራሱ ላይ ካደረሰ ነው። በተለይ ሁለት ነገሮች ተጠቅሰዋል፦ አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስ ወይም የአደጋ መከላከያ ደንብን አለማክበር፣ እና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር በማይቻልበት ደረጃ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት። እዚህ ላይ አሠሪዎች የሚወዷት አባባል አለች፤ «ተጠንቀቁ ብያቸው ነበር» ትላለች። ተጠንቀቁ ማለት መመሪያ አይደለም። ከስንት ኪሎ በላይ ለብቻ እንደማይነሳ፣ በምን እንደሚጓጓዝ፣ ማን እንደሚያግዝ ተነግሮ፣ ማገዣውም ቀርቦ፣ ሠራተኛው ያንን አልፎ ከሄደ ነው ክርክሩ ክርክር የሚሆነው። ጋሪ በሌለበት መጋዘን «በጋሪ ብቻ ይጓጓዝ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ማንንም አያድንም።

በተቃራኒው ጥፋቱ የአሠሪው ከሆነ፣ ለምሳሌ የተሰበረ ሳንቃ ላይ እያስወጣ ካስጫነ፣ በአዋጁ ከተቀመጠው ክፍያ በላይ በሌላው ሕግ ተጨማሪ ካሳ የመጠየቅ በር ክፍት ነው።

በተጎዳሁበት ቀን ምን ማድረግ አለብኝ?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነቡ ከሆነ ይህንን ያንብቡ። የሸክም ጉዳት ደም አያሳይም። ብዙ ጊዜ በዕለቱ ቀለል ይልና ሌሊቱን ወይም በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ አላስነሳ ይላል። በሦስተኛው ቀን ሄደው ሲናገሩ «እቤትህ ነው የተጎዳኸው» የሚል መልስ ይጠብቅዎታል፤ የብዙ ሰው መብት እዚህች ጋ ነው የሚያልቀው።

ስለዚህ ሕመሙ ትንሽ ቢመስልም ሥራውን ያቁሙና ለፎርማኑ ወይም ለሱፐርቫይዘሩ ወዲያው ይንገሩ። በቃል ብቻ አይብቃዎ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እያነሱ እንደነበር፣ ክብደቱን፣ አጠገብዎ የነበሩትን ሰዎች ስም ጽፈው በሁለት ኮፒ ያስገቡ፤ በአንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ተብሎ እንዲፈረምልዎ ይጠይቁ። አልፈርምም ካሉ ለሰው ኃይል ክፍሉ ስልክ ላይ በጽሑፍ ይላኩ። መልእክቱ የተላከበትን ቀን ይዞ ይቀመጣል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ተወካዩ በዕለቱ እንዲያውቅ ያድርጉ። አሠሪው ደግሞ የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት፣ ተስማሚ በሆነ መጓጓዣ በቅርብ ወዳለ ሕክምና ተቋም የማድረስ፣ አደጋውን የመመዝገብና ለሚመለከተው መንግሥታዊ አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት። «ባጃጅ ያዝና ሂድ» መጓጓዣ ማቅረብ አይደለም፤ ሆኖም ካልላኩዎት በባጃጅም ቢሆን ይሂዱ፣ የከፈሉትንም ይመዝግቡ።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ «ወገቤን ያመኛል» ብቻ ብለው አይቁሙ። «ዛሬ ሥራ ቦታ ይህን ያህል ኪሎ ሳነሳ ያዘኝ» ይበሉ። ካርድዎ ላይ የሚጻፈው ያ ነው። ከወራት በኋላ ክርክር ቢነሳ ዳኛው የሚያየው የመጀመሪያው ቀን ካርድ ላይ የሰፈረውን ነው፤ «የቆየ የወገብ ሕመም» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ማስተካከሉ አድካሚ ነው።

ወጌሻ ጋ ሄጄ ብታሽስ?

ሰው ለምን ወደ ወጌሻ እንደሚሄድ ይገባኛል፤ ቅርብ ነው፣ ርካሽ ነው፣ እናትም አባትም ሲያደርጉት አይተናል። ለወገብ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይዎት። ችግሩ የጡንቻ መሸማቀቅ ሳይሆን የዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) መንሸራተት ወይም የአጥንት ስንጥቅ ከሆነ በኃይል ማሸትና መጠምዘዝ ነርቩን የባሰ ሊጎዳው ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። በአዋጁ መሠረት የተጎዳ ሠራተኛ ምርመራ አልቀበልም ካለ ወይም ሆነ ብሎ ካዘገየ፣ ማገገሙን የሚያጓትት ነገር ካደረገ ክፍያው ሊታገድ ይችላል። ሐኪም ያዘዘውን ትቶ ወጌሻ ቤት የከረመ ሰው ለአሠሪው ጠበቃ መከራከሪያ ይሰጠዋል። የወጌሻ ቤት ወረቀት ደግሞ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚያዋጣ ማስረጃ አይሆንም።

ቀላል ነው ወይስ ከባድ? በምን አውቃለሁ?

አብዛኛው በሸክም የሚመጣ የወገብ ሕመም የጡንቻና የጅማት ጉዳት ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ይሻላል። ድሮ እንደሚባለው ሳምንት ሙሉ ተጋድሞ መክረም አይመከርም። ሕመሙ እስከፈቀደ ድረስ ቀስ እያሉ መንቀሳቀሱ ይሻላል። ከባድ ማንሳት ግን በዚህ ጊዜ አይታሰብም።

ሕመሙ ከወገብ ወርዶ በመቀመጫና በአንድ እግር በኩል እስከ ባት ወይም ጣት ከተስፈነጠረ፣ ካደነዘዘ ወይም ከወረረ ዲስክ ነርቭ ተጭኖ ሊሆን ይችላል። ተራ ራጅ አጥንትን እንጂ ዲስክን አያሳይም፤ «ራጁ ንጹሕ ነው፣ ሥራህ ግባ» ከተባሉና እግርዎ አሁንም ከደነዘዘ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። በብሽሽት በኩል ሲያስሉ ወይም ሲያነሱ የሚወጣ እብጠት ደግሞ ቡአ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ አልመለስ ብሎ ካመመና ካስታወከ ለነገ አይባልም።

እነዚህ ሲታዩ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦ ሽንት ወይም ሰገራ አልመጣ ወይም አልያዝ ማለት፣ በሁለቱ ታፋዎች መካከል መደንዘዝ፣ የእግር መዛል። በሰዓታት መዘግየት ዘላቂ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ነው።

ሕክምናውን የሚከፍለው ማነው?

አሠሪው። ምርመራ፣ ቀዶ ሕክምና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ፣ አስፈላጊ ከሆነም ሰው ሠራሽ ወይም ደጋፊ የአካል መሣሪያ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ከኪስዎ ካወጡ እያንዳንዱን ደረሰኝ ይያዙ፤ ስምዎና ቀኑ ያለበት ደረሰኝ ይሁን። የፋርማሲ ብጣሽ ወረቀት አይበቃም።

እቤት ስተኛ ደመወዝ ይከፈለኛል? ድርጅቱ «ሲክ ሊቭ (የሕመም ፈቃድ) ላይ ነህ» ብሎኛል።

ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው በዚህች ቃል ነው። የሕመም ፈቃድና የሥራ ላይ ጉዳት ክፍያ የተለያዩ ናቸው። የሕመም ፈቃድ ከሥራው ጋር ላልተያያዘ ሕመም ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጊዜያዊ ጉዳት ግን ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለተቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል። ጠቅላላው እስከ 12 ወር ሊደርስ ይችላል። ሐኪም ድነሃል ካለ ወይም ጉዳቱ ዘላቂ ተብሎ የዘላቂ ጉዳት ክፍያ ከተጀመረ ቀድሞ ያበቃል።

በብር እናስላው። ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ ሰው ስድስት ወር ከሥራ ውጭ ቢሆን በሕመም ፈቃድ የሚያገኘው 6,000 እና ሁለት ጊዜ 3,000፣ በድምሩ 12,000 ብር ነው። በሥራ ላይ ጉዳት ሲሆን 18,000 እና 13,500፣ በድምሩ 31,500 ብር። ዓመት ሙሉ ካልዳነ 49,500 ይደርሳል። ልዩነቱ ይህን ያህል ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍሉ ፋይልዎ ላይ የትኛውን እንደጻፈ ይጠይቁ። «የሕመም ፈቃድ ጠይቄያለሁ» የሚል ቅጽ እንዲፈርሙ ከቀረበልዎ አይፈርሙ፤ ወይም ከፊርማዎ አጠገብ «በሥራ ላይ በደረሰ ጉዳት» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት። ሁልጊዜ ክፋት ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ የሰው ኃይል ሠራተኛ ያለው ቅጽ አንድ ብቻ ስለሆነ በልማድ የሚሞላው ነው። ልማዱ ግን ከእርስዎ ኪስ ነው የሚወጣው።

በሕግ የሚፈቀደው ክብደት ስንት ኪሎ ነው?

ሁሉም አንድ ቁጥር ይፈልጋል። አዋጁ ውስጥ ለአዋቂ ሠራተኛ «ከዚህ ኪሎ በላይ አይነሳም» የሚል ቁጥር የለም። ያ ማለት ግን አሠሪው የፈለገውን ያሸክማል ማለት አይደለም። አንቀጽ 92 የሥራው ሂደት ለአካላዊ፣ ለኬሚካላዊ፣ ለሥነ ሕይወታዊ፣ ለኧርጎኖሚያዊና ለሥነ ልቦናዊ ጉዳት ምንጭ እንዳይሆን አሠሪው ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ኧርጎኖሚያዊ የሚለው ሥራው ለሰው አካል ተስማምቶ መዘጋጀቱን የሚመለከት ሲሆን ሸክም በቀጥታ እዚህ ውስጥ ይወድቃል።

ለማነጻጸሪያ ሁለት ዓለም አቀፍ ቁጥሮች ይረዳሉ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 አንድ አዋቂ ወንድ በእጁ ወይም በጀርባው የሚያጓጉዘው ከፍተኛ ክብደት ከ55 ኪሎ በላይ የሆነባቸው አገሮች በፍጥነት ወደዚያ እንዲያወርዱት ይላል፤ ለሴቶችና ለወጣቶች ከዚያ በእጅጉ ያነሰ እንዲሆን። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ምርምር ተቋም ደግሞ ስሌቱን የሚጀምረው ከ23 ኪሎ ነው። ያውም ሁኔታው ሁሉ ምቹ ሲሆን፦ ዕቃው ለሰውነት የተጠጋ፣ መያዣ ያለው፣ በወገብ አካባቢ ከፍታ ያለ፣ ሳይጠመዘዙ የሚነሳ። ዕቃው ከሰውነት ሲርቅ፣ ከመሬት ሲነሳ፣ በደቂቃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ቁጥሩ ይወርዳል።

እንግዲህ እኛ ጋ ያለውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ፣ አንድ ኩንታል እህል 100 ኪሎ። ኩንታሉን ብቻውን ተሸክሞ ሳንቃ ላይ እየረገጠ መኪና የሚያወጣ ሰው በየመጋዘኑ አለ፤ «ወንድ ነው» ተብሎም ይሞገሳል። ያ ሙገሳ ከአሠሪው ቸልተኝነት ያልተናነሰ ወገብ ሰባሪ ነው ባይ ነኝ። በኩንታል ቁጥር የሚከፈልበት አሠራርም እንዲሁ፤ ማረፍ ገንዘብ እንደማጣት ሲቆጠር ማንም አያርፍም፣ በአዳማ የቀትር ሙቀት ውስጥም ቢሆን።

አሠሪው የወገብ ቀበቶ ገዝቶልናል። ግዴታውን ተወጥቷል ማለት ነው?

አልተወጣም። የወገብ ቀበቶ ጤነኛ ሠራተኛን ከጉዳት ይከላከላል የሚል በቂ ማስረጃ የለም። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ተቋምም ጉዳዩን መርምሮ ለዚህ ዓላማ አይመክረውም። እንዲያውም ቀበቶ የታጠቀ ሰው የተጠበቀ መስሎት ከአቅሙ በላይ ሊያነሳ ይችላል።

የአሠሪው ግዴታ ከዕቃ ግዢ ሰፋ ይላል። ሠራተኞች የሥራውን አደጋ እንዲያውቁና እንዲሠለጥኑ ማድረግ፣ የደህንነት ባለሙያ መመደብና የሥራ ደህንነትና ጤንነት ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ ዕቃዎችን ማቅረብ፣ እንደ ሥራው ጠባይ አዲስ ሠራተኞችንና በአደገኛ ሥራ ላይ የተሰማሩትን በራሱ ወጪ ማስመርመር አለበት። ለሸክም በተግባር የሚረዳው ግን ብዙ ጊዜ ተራ ነገር ነው። ዱቄቱን በ25 ኪሎ ማሸግ፣ የእጅ ጋሪና ፓሌት፣ የማራገፊያውን መድረክ ከመኪናው አልጋ ጋር እኩል ማድረግ፣ ቁልሉን ከትከሻ በላይ አለማድረግ፣ ለከባዱ ሁለት ሰው። ፎርክሊፍት ውድ ነው፣ እሺ፤ ጋሪ ግን ውድ አይደለም።

እርስዎም በበኩልዎ ግዴታ አለብዎት፦ የተሰጠውን መሣሪያ በአግባቡ መጠቀም፣ ብልሽት ወይም አደጋ የሚያመጣ ነገር ሲያዩ ማሳወቅ፣ መመሪያ ማክበር።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ካርቶን ማንሳት ላይ ነው የተመደብኩት። ታናሽ ወንድሜም 16 ዓመቱ ነው፣ መጋዘን ሊያስገቡት ነው።

ሥራው ለእርስዎ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ አሠሪው ወደ ሌላ የሥራ ቦታ ሊያዛውርዎት ይገባል። ሐኪሙ «ከባድ ዕቃ እንዳታነሳ» ብሎ በግልጽ ይጻፍልዎ። የሌሊት ሥራና የትርፍ ሰዓት ሥራም ለነፍሰ ጡር አይፈቀድም።

ወንድምዎን በተመለከተ መልሱ አጭር ነው፤ አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት መቀጠር ቢችልም በመጓጓዣና በመጋዘን ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት ለእሱ ከተከለከሉ ሥራዎች ውስጥ ነው።

የቀን ሠራተኛ ነኝ፣ የተጻፈ ውል የለኝም። መብት አለኝ?

ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ መብት አያሳጣም። በአሠሪው ትዕዛዝና ቁጥጥር ሥር ሆነው በክፍያ ከሠሩ፣ ክፍያው በቀን ይሁን በተሠራው ሥራ ልክ፣ የሥራ ውል አለ። አሠሪው ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት ይኖርበት ነበር፤ አለመስጠቱ የእሱ ጉድለት ነው። የእርስዎ ሥራ መቀጠርዎን ማሳየት ነው፦ የባንክ ወይም የቴሌብር ዝውውር፣ የበር መግቢያ መታወቂያ፣ የስም መቆጣጠሪያ ላይ የፈረሙበት ፎቶ፣ አብረው የሠሩ ምስክሮች።

ኤጀንሲ ቀጥሮ ለፋብሪካ የሚልክዎት ከሆነ ውልዎና ደመወዝዎ ከማን ጋር እንደሆነ አስቀድመው ይወቁ። ስትጎዱ ፋብሪካው ወደ ኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ወደ ፋብሪካው ማመላለስ የተለመደ ነው። የጉዳት ማስታወቂያውን ለሁለቱም በጽሑፍ ማስገባት ይህን ጨዋታ ያሳጥረዋል።

ከባዱ በማኅበር የተደራጁ ጫኝና አውራጆች ጉዳይ ነው። በራስ ኃላፊነት፣ በራስ የንግድ ሥራ የሚሠራ ሰው በአዋጁ አይሸፈንም፤ ማኅበሩ ከነጋዴው ጋር በመኪና ተደራድሮ ራሱ ሰው መድቦ የሚያወርድ ከሆነ ነጋዴው «አሠሪያቸው አይደለሁም» ማለቱ አይቀርም። ሆኖም ወሳኙ የወረቀቱ ስም ሳይሆን ሥራው በተግባር የሚመራበት መንገድ ነው። አንድ ድርጅት ብቻ በየቀኑ የሚያሠራችሁ፣ የእሱ ፎርማን ሰዓት የሚቆጣጠራችሁ፣ ማን እንደሚሠራና እንደማይሠራ እሱ የሚወስን ከሆነ የሥራ ውል አለ ብሎ ለመከራከር መሠረት አለ። በማኅበር ላላችሁ ግን ምክሬ ሌላ ነው፤ አደጋ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከእያንዳንዱ ክፍያ የተወሰነ እያስቀሩ የሕክምና ፈንድ መያዝ ወይም የቡድን የአደጋ ኢንሹራንስ መግዛት በማኅበሩ ስብሰባ የሚወሰን ነገር ነው።

በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ለዓመታት ተሸክሜ ነው ወገቤ የደቀቀው። ይህስ?

የሥራ ላይ አደጋ የሚለው ፍቺ «በድንገት» የሚል ነገር ስላለበት ቀስ በቀስ የመጣ ሕመም እዚያ ውስጥ አይገባም። ያለው መንገድ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታ ነው፤ ይህም በሥራው ዓይነት ወይም በአካባቢው የተነሳ የሚመጣ የጤና መታወክ ነው። በመንግሥት በሚወጣው ሠንጠረዥ ውስጥ የተዘረዘረ በሽታ ከሆነ ማስረዳቱ ይቀልላል፤ ካልተዘረዘረ ሥራው እንዳመጣው የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ነው። የወገብ ዲስክ ደግሞ በዕድሜም ስለሚያረጅ አሠሪው የሚከራከረው በዚያው ነው።

ሲቀጠሩ የተደረገልዎ የጤና ምርመራ ጤነኛ መሆንዎን ካሳየ እሱን ይፈልጉት። የሥራ መደብዎን፣ በቀን የሚያነሱትን መጠንና የዓመታቱን ብዛት የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠይቁ። የአጥንት ወይም የነርቭ ስፔሻሊስት ከሥራው ጋር ያለውን ግንኙነት በግልጽ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ። ከዚህ ሁሉ በተጨማሪ በዓመታቱ መካከል «በዚህ ቀን ይህን ሳነሳ ያዘኝ» የሚሉት የተለየ ቀን ካለ፣ ያኔ ክሊኒክ ሄደው ከነበረ፣ ያንን ካርድ ያስወጡ።

ሐኪሙ «ከእንግዲህ ከባድ አታነሳም» አለኝ። ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ?

በጊዜያዊ ሕክምና ላይ ሳሉ እንደ ጠፋ ሠራተኛ ሊቆጠሩ አይገባም። የሐኪም ፈቃድ ወረቀቱን ግን በየጊዜው ያስገቡ፤ ያለ በቂ ምክንያት መቅረት ማሰናበቻ ስለሆነ ያላስገቡት ወረቀት መዘዝ ያመጣል። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ደረጃውን በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። አሠሪው ወይም አንድ ሐኪም ብቻውን «አትረባም» ብሎ አይወስንም።

በዘላቂ ጉዳት ምክንያት ሥራውን መሥራት አለመቻል ውሉን ሊያቋርጠው ይችላል፤ ያለ ምንም ግን አይደለም። የሥራ ስንብት ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ እየተጨመረ። ለጉዳቱ ራሱ ደግሞ የጡረታ ሽፋን ያለው ሠራተኛ ጉዳዩ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ይታያል፤ ከደመወዝዎ 7 በመቶ ሲቆረጥ፣ አሠሪው 11 በመቶ ሲጨምር የነበረው ለዚህም ጭምር ነው። ሽፋኑ ለሌለው ሠራተኛ አሠሪው በአንድ ጊዜ ይከፍላል፤ ለዘላቂ ሙሉ ጉዳት የዓመት ደመወዝ አምስት እጥፍ፣ ከዚያ በታች ለሆነ ጉዳት በመቶኛው ልክ። የ6,000 ብር ደመወዝተኛ የዓመት ደመወዙ 72,000 ነው፤ አምስት እጥፉ 360,000። ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 72,000 ብር ይሆናል ማለት ነው።

በቀላል ሥራ መደብ ላይ ማቆየት ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ወገን የሚበጅ ነው፤ በር ጥበቃ፣ ቆጠራ፣ ስቶር መዝገብ። ይህን በጽሑፍ ይጠይቁ። የኅብረት ስምምነት ካላችሁም ያንብቡት፤ ከአዋጁ የተሻለ ነገር ሊኖረው ይችላል።

«ይህን ብር ውሰድና ከእንግዲህ አልጠይቅም ብለህ ፈርም» ተባልኩ። ልፈርም?

በዚያው ቀን አይፈርሙ። ሽማግሌ ገብቶ፣ ሕመሙ በርትቶ፣ የቤት ኪራይ ደርሶ የሚቀርብ ብር ትልቅ ይመስላል። ጉዳቱ ጊዜያዊ ይሁን ዘላቂ ገና ባልታወቀበት ጊዜ የሚደረግ ስምምነት ዋጋው ያልታወቀ ዕቃ መሸጥ ነው። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው ሕግ ለሚያውቅ ሰው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ ያሳዩ። ብሩን መቀበል የግድ ከሆነብዎ ደረሰኙ ላይ «ለሕክምና ወጪ ቅድሚያ የተሰጠ» ተብሎ እንዲጻፍ ይጠይቁ። ሽማግሌዎቹን ማክበር ይቻላል፤ ፊርማን ለሌላ ቀን ማሳደርም ይቻላል።

የት ነው የማመለክተው? ጊዜውስ እስከ መቼ ነው?

መጀመሪያ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። የመሥሪያ ቤቱ ስም በየጊዜው ይለዋወጣል፣ ብዙ ሰው አሁንም «ሠራተኛና ማኅበራዊ» ይለዋል፤ በር ላይ «የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ» ብለው ይጠይቁ። ተቆጣጣሪው የሥራ ቦታውን የማየት ሥልጣን አለው፤ ሊያስማማም ይሞክራል። ካልሆነ ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ለዚህ ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፈልም፤ ሕጉም ችሎቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል። አዳማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ክሱ በዚያው ይጻፋል፤ ቋንቋውን የማይችሉ ከሆነ ጽሑፉን ከሚያዘጋጅልዎ ሰው ጋር ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ቀንና ቁጥር ያመሳክሩ፣ በችሎትም አስተርጓሚ ይጠይቁ። ውሳኔው ካልጣመዎት ይግባኝ የሚባለው በ30 ቀን ውስጥ ነው።

ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ አጭር ነው። ከሥራ ተሰናብተው መመለስ ከፈለጉ ሦስት ወር፣ ያልተከፈለ ደመወዝና ትርፍ ሰዓት ስድስት ወር፣ በሕጉ የተለየ ጊዜ ያልተቀመጠለት ጥያቄ አንድ ዓመት። «ቆይ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት መልስ እየጠበቅን ነው» እየተባለ ዓመቱ ያልቃል። አሠሪው መብትዎን በጽሑፍ ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ግን ይርጋው ይቋረጣል። ስለዚህ «ሕክምናህን እንሸፍናለን» የሚል የስልክ መልእክት፣ የከፈሉልዎ አንድ የመድኃኒት ደረሰኝ፣ የላኩልዎ የግማሽ ወር ደመወዝ ዝውውር እንዳይጠፋ፤ ስልክዎን ከመቀየርዎ በፊት በወረቀት ያሳትሙት።